ስሙ የተሰረዘው ምርቃት

በጽሕፈት ሥራ ላይ ሥርዓት ያቆሙልን አባቶች ሁለት ወገን ነበሩ። አንደኛው ወገን የብራና ጸሐፊዎች ናቸው። የተሳሳተ ቃል መፋቅ ሲያስፈልግ፣ ጸሐፊው ቢላውን ከማንሣቱ በፊት ቅጠሉን ገልብጦ ጀርባውን ያነብ ነበር፤ በፊት ለፊት ያለውን ሲፍቅ በስተጀርባ ያለው እንዳይበሳበት። ሁለተኛው ወገን የመንግሥት መዝገብ ቤት ሹማምንት ናቸው። ከእነርሱም አንዱ፣ በወጣትነቴ አለቃዬ የነበሩት አቶ ገብረየስ፣ ባዶ ነው የተባለ ሣጥን ከመደርደሪያ እንዲወርድ የሚፈቅዱት ጸሐፊው እጁን አስገብቶ አራቱንም ማእዘን ከዳሰሰ በኋላ ብቻ ነበር። «ዓይን ይቸኩላል፤ እጅ ይመሰክራል» ይሉ ነበር።

እኔ ልዑልሰገድ የእነዚህ ሰዎች ደቀ መዝሙር ነኝ። ከመዝገብ ቤቱ ወደ መሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ተዛወርሁ፤ ኋላም በሜሪላንድ በዚሁ ሙያ ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። ማሽኑ ብዙ ጊዜ ተለውጧል። ሥርዓቱ ግን ያው ነው። በዛሬው ጊዜ ብዙ ወጣት አንድን ነገር ከኮምፒውተር መሰረዝ ክብሪት እንደ መጫር ያለ ቀላል ሥራ ይመስለዋል። ይህ አስተሳሰብ መታረም እንደሚገባው፣ ደግሞም መታረም እንደሚችል፣ በዓይኔ ያየሁትን እተርካለሁ።

በአንድ የቅዳሜ ጧት እንደ ልማዴ ከረባቴን አስሬ በሲልቨር ስፕሪንግ የባቡር ጣቢያ ቆሜ ነበር። የመረዳጃ ማኅበራችን ቢሮ አሌክሳንድሪያ ውስጥ በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ስለሚገኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደዚያ እሄዳለሁ። ድንገት ከኋላዬ ሰላምታ ሰማሁ።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ! ይሄ ከረባት ቅዳሜ እንኳ አያርፍም?»

ዘወር ስል የወይዘሮ ንግስት ልጅ በፈቃዱ ነው። በሕፃንነቱ እዚህ አገር የመጣ፣ ጨዋና ፈጣን ወጣት ሲሆን፣ አርሊንግተን በሚገኝ አንድ ድርጅት የሠራተኞችን ኮምፒውተር ይጠግናል። የማኅበራችንንም ኮምፒውተር ያለ ክፍያ የሚንከባከበው እርሱ ነው።

«ከረባት እንደ ሰው አይደክመውም» አልሁት። «አንተስ በቅዳሜ ጧት ከአልጋህ ማን አስነሣህ?»

«የእናንተው ኮምፒውተር ነዋ! ደስ የሚልዎት ዜና አለኝ። ዲስኩ ሞልቶ የነገው ቀረጻ ቦታ የለውም ተብሎ አልነበር? ትናንት ከቤት ሆኜ ክሊን አደረግኩት።»

«ጠረግሁት ማለትህ ነው?»

«ጠረግኩት፣ ጋሼ። ያውም ሙልጭ አድርጌ።»

«ሙልጭ» የምትለዋ ቃል አላማረችኝም። ባቡሩ ሲመጣ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ እኔም ነገሩን ከሥሩ መጠየቅ ጀመርሁ።

በዚህ ላይ አንባቢ ስለ ኮምፒውተሩ ጥቂት ማወቅ ይገባዋል። ማኅበራችን የአባላቱን ቃል በቪዲዮ እየቀረጸ ያስቀምጣል፤ አንዱ የሕይወት ታሪኩን፣ ሌላው ምክሩን፣ ሌላዋ ለልጆቿ የምታወርሰውን ምርቃት ትናገራለች። እያንዳንዱ ቀረጻ በሁለት ማኅደር ውስጥ በሁለት ስም ይጠራል። እድሩ ሰውን የሚያውቀው በዓለም ስሙ ነው፤ ካህኑ ለጸሎት የሚፈልገው ግን በክርስትና ስሙ ነው።

«መጀመሪያ ምኑን አነሣህ?» አልሁት።

«አንዱን ማኅደር እንዳለ። የማናውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ገብረ መድኅን፣ ኃይለ ሚካኤል ምናምን። በአባላት ዝርዝር ላይ ፈለግኳቸው፣ አንዳቸውም የሉም። ኮምፒውተሩን ከሰጠን ሰው የቀሩ መሰሉኝ።»

ሣቅና ቁጣ በአንድ ጊዜ ያዙኝ። «በፈቃዱ፣ የክርስትና ስምህ ማን ይባላል?»

«እ… እሱን እማዬ ናት የምታውቀው።»

«ያቺ የማታውቃት ወለተ ጊዮርጊስ እናትህ ናት።»

«ኦ ማይ ጋድ!» ብሎ ሁለት እጁን በራሱ ላይ ጫነ። ወዲያው ግን ተጽናና። «ቆይ፣ ችግር የለም፣ ጋሼ! ቪዲዮዎቹ በሌላው ማኅደር በዓለም ስማቸው አሉ። አስተያይቼዋለሁ። ድግግሞሽ ናቸው።»

«ድግግሞሽማ አልነበሩም። ለመሆኑ ስታነሣቸው ምን ያህል ቦታ ተለቀቀልህ?»

«እሱ ነው የገረመኝ። ምንም!»

«ምንም ሊለቀቅልህ አይችልም። እናትህ በሁለት ስም ስለተጠራች ሁለት ወንበር ላይ ትቀመጣለች?»

ሣቀ። እኔ ግን እያስተማርሁ ስለ ነበር አልሣቅሁም። «አድምጠኝ» አልሁት። «ስም በፋይሉ ውስጥ አይጻፍም። ፋይሉ የሚታወቀው በቁጥር ነው። ማኅደር የምንለው ስምንና ቁጥርን አጣምሮ የያዘ ዝርዝር ነው፤ ይህ ስም ያንን ቁጥር ያመለክታል እያለ ይመራሃል። ሁለት ስሞች አንዱን ቁጥር ሊያመለክቱ ይችላሉ። አንተ ዝርዝር ፋቅህ እንጂ ሰነድ አልነካህም።»

«ታዲያ ዲሊት ማድረግ ዲሊት ማድረግ አይደለም ነው የሚሉኝ?»

«ማንም ፕሮግራም በገዛ እጁ ፋይል አያጠፋም። ከርነል ለሚባለው ለማሽኑ ዋና መዝገብ ሹም አቤት ይላል። አቤቱታው ‹አንሊንክ› የሚባል ጥሪ ነው፤ ይህን ስም ከዚህ ዝርዝር ፍታልኝ ከማለት በቀር ሌላ አይጠይቅም። ሹሙም ስሙን ይፈታል፤ ፋይሉ ስንት ስም እንደ ቀረው ከሚያሳየው ቁጥር ላይም አንድ ይቀንሳል። ሌላ ስም ከቀረ፣ ሰነዱን ፈጽሞ አይነካውም። እስቲ አንተ ፍረድ፤ አንድ ሰው ከእድር ዝርዝር ስሙ ቢፋቅ ሞተ ይባላል?»

«ወርኃዊውን ካልከፈለ ለእድሩ እንደ ሞተ ነው፣ ጋሼ።»

ፊት ለፊታችን የተቀመጡ አንዲት ያገር ሴት አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሣቁ። ልጁ ቀልደኛነቱን ከእናቱ ወርሷል። እኔም ቀልዱን እንዳልሰማ ሰው አልፌ፣ ቀጥሎ ምን እንዳነሣ ጠየቅሁት።

«ቦታ አልለቀቅ ሲለኝ፣ ያረፉትን አባላት የዓለም ስም ማኅደር አነሣሁ። ግን በሥርዓት ነው! ከወር በፊት ቴሌግራም ላይ ለጥፌያለሁ፤ ቤተሰብ ኮፒውን ይውሰድ ብዬ። ብዙዎቹ መጥተው ወሰዱ።»

«ያልመጡትስ?»

«ያልመጡት ዝም አሉ። ዝምታ እሺታ ነው ይባል የለ እንዴ?»

«ይህ የተባለው ለእጮኛ ነው፤ ማስታወቂያህን ላላየ ሰው አልተባለም። በምን ዓይነት ትእዛዝ አነሣኸው?»

«በፎርሱ ነዋ። ማኅደሩን ከነሆዱ ይዞ ይሄዳል፤ እርግጠኛ ነህ ወይ እያለ አይጨቀጭቅም።»

«ባዶ ማኅደር ብቻ የሚያነሣ ጥሪ እንዳለ ታውቃለህ?»

«አር ኤም ዲር? እሱማ ሰነፍ ነው። ውስጡ አንዲት ነገር ካለች እምቢ ይላል።»

«እምቢ ማለቱ እኮ ነው ሙያው!» አልሁ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ከርነሉ በውስጡ ሰው ያለበትን ቤት አላፈርስም ይልሃል። አንተ በየስሙ እያየህ አንድ በአንድ ፈትተህ፣ በመጨረሻ ማኅደሩን አንሣልኝ ብትለው፣ እርሱ እጁን አስገብቶ ዳስሶ ይመሰክርልህ ነበር። ‹ባዶ አይደለም› ካለህ የረሳኸው ነገር አለ ማለት ነው። ጉልበተኛው ትእዛዝ ግን ያንን ምስክር አፉን ዘግቶ ያልፋል።»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በእርስዎ መንገድ ብሠራ ዲስኩ የሚጸዳው የልጅ ልጄ ሲያገባ ነው።»

እንዲህ እየተከራከርን ዩኒየን ስቴሽን ደረስን። በፈቃዱ ሥራውን ሊያሳየኝ ስልኩን አውጥቶ ከቢሮው ኮምፒውተር ጋር ተገናኘ። ወዲያው ግንባሩ ተቋጠረ።

«ይገርማል። የሌሎቹ ቦታ ተመልሷል። የትልቁ ፋይል ግን አልተመለሰም። ከዝርዝሩ ጠፍቷል፣ ቦታውን ግን እንደያዘ ነው። ማሽኑ ተወዛግቧል፣ በቃ ሪስታርት ላድርገው።»

አውራ ጣቱን ወደ ስልኩ ሲሰድ ባቡሩ ወደ መሬት ውስጥ ገባ፤ መስመሩም ተቋረጠ። «ሄደ!» አለ ተበሳጭቶ።

«ትልቁ ፋይል የማን ነበር?»

«የአቶ ሳህሉ።»

ሳህሉ ወዳጄ ነበር፤ ባለፈው ክረምት አርፏል። ሕመሙ ሲጸናበት የልጅ ልጁን የሀሴትን ሠርግ እንደማይደርስበት ዐውቆ፣ ሙሉ ልብሱን ለብሶ በማኅበሩ ካሜራ ፊት ቆመ። በመጀመሪያ የሕይወቱን ታሪክ ተናገረ፤ በመጨረሻም እጁን አንሥቶ ሙሽሪትን መረቀ። ሠርጉ የሚመጣው ሳምንት እሑድ ነው። ምርቃቱም በዕለቱ በአዳራሹ ውስጥ በትልቁ ሰሌዳ ላይ ሊታይ፣ ሙሽራውና ሙሽሪት ተንበርክከው ሊቀበሉት ተወስኗል።

«ወይዘሮ ካሰች ቅጂ ወስደዋል?» አልሁት። ካሰች የሳህሉ ባለቤት ናቸው።

«ማስታወቂያውን አይተው ይሆናላ።»

«ወይዘሮ ካሰች ቴሌግራም አላቸው?»

«የላቸውም እንዴ?» አለ በቀጭን ድምፅ።

ጋለሪ ፕሌስ ላይ ባቡር ለመቀየር ወረድን። ቢጫው መስመር መጥቶ ስንሳፈር ልጁ መልሶ ሊከራከረኝ ጀመረ። የፈራ ሰው ብዙ ይናገራል።

«እሺ፣ ጠፍቶም ከሆነ ጠፍቷል፣ ጋሼ። አንዴ ዲሊት ሆኗል። ሪስታርት ባደርገው ከዚህ የባሰ ምን ይመጣል? እኛ ቢሮ ማንኛውም ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የምንለው ሪስታርት ነው። ዘጠና በመቶው በሱ ይድናል።»

«የቀረው ዐሥር በመቶ የሚቀበረው በእርሱ ነው። ቦታው አለመመለሱ ክፉ ዜና መሰለህ፤ እኔ ግን ከነጋ የሰማሁት መልካም ዜና ይህ ብቻ ነው።»

«እንዴት ሆኖ?»

«ከርነሉ አንድን ፋይል የሚያፈርሰው ሁለት ነገር ሲሟላ ነው። ስሞቹ ሁሉ መፈታት አለባቸው፤ ያንን አንተ ፈጽመኸዋል፣ በሁለቱም ማኅደር። ከዚህም በላይ ደግሞ፣ ፋይሉን ከፍቶ የያዘ ፕሮግራም ሁሉ መልቀቅ አለበት። አንድ ፕሮግራም እንኳ ይዞት ቢገኝ፣ ስም የሌለው ሰነድ ሳይነካ ይቆያል፤ ቦታውንም አይለቅም። ስለዚህ ቦታው ካልተመለሰ ምን ማለት ነው?»

«አንድ ፕሮግራም ይዞታል?»

«ይዞታል። ሪስታርት ማድረግስ ምን ማለት ነው?»

ወጣቱ ወደ ስልኩ ተመለከተ። «ሁሉንም ማስለቀቅ» አለ ቀስ ብሎ። ነገር ግን ወዲያው ራሱን ነቀነቀ። «ግን ጋሼ፣ እርስዎ የሚሉት የድሮዎቹ ማሽኖች ላይ ይሆናል። ዛሬ እንዲህ ዓይነት ነገር ያለ አይመስለኝም። ማን ከፍቶ ይተወዋል? ቢሮው ከሐሙስ ጀምሮ ዝግ ነው።»

ላንፎን ፕላዛን እንዳለፍን ባቡሩ ከዋሻው ወጣና በፖቶማክ ድልድይ ላይ ብርሃን ሞላን። የበፈቃዱ ስልክ መስመሩን አገኘ፤ መስመሩ ሲቋረጥ የጠፋው የሪስታርት ጥያቄም በመስተዋቱ ላይ ተመልሶ መጣ፦ ይጥፋና እንደገና ይነሣ ወይስ ይቅር? አውራ ጣቱ ከበላዩ ቆመ። ክርክሩን ባንድ ንክኪ ለመጨረስ እንደቋመጠ አየሁ፤ እኔም በወጣትነቴ ቸኩዬ ስለማውቅ አልፈረድሁበትም።

«በፈቃዱ፣» አልሁት፣ «አልተሳሳትሁም ብለህ ከሆነ፣ ሳትነካው አንድ ጊዜ ለወይዘሮ ካሰች ብትደውል ምን ይጎዳሃል?»

ጣቱን ከጥያቄው አንሥቶ ደወለ፤ እኔም እንድሰማ ድምፁን ለቀቀው።

«ሀሎ? ማነው?»

«በፈቃዱ ነኝ፣ እትዬ ካሰች። እንደምን አደሩ? የት ነዎት?»

«ቢሮ ነኛ! የጽዳቱ ሰውዬ ከፈተልኝ። ሳህሉ ፊት ቁጭ ብያለሁ።»

ዓይን ለዓይን ተያየን። «ሳህሉ ፊት ማለት?» አለ ልጁ።

«ይኸው ስክሪኑ ላይ ቆሟል። ሐሙስ እንደተውኩት፣ እጁን ብድግ አድርጎ። እኔ እንደሆንኩ ታሪኩን ሰምቼ፣ ሊመርቅ ሲነሣ ቀጥ አደርገዋለሁ። ምርቃቱ የልጅቱ ነው፤ ከሷ ቀድሜ አልሰማም።»

«እትዬ፣ ቤትዎ ሌላ ኮፒ አለዎት?»

«ምን አደርግበታለሁ? ሁለት ሳህሉ የለኝ። ይልቅ ማሽኑ ሞላ ሲሉ ሰምቼ፣ ዘግቼው ልውጣ እያልኩ ነበር፤ ትንሽ ይረፍ ብዬ…»

«እንዳይዘጉት!» ብለን ሁለታችንም ባንድ ድምፅ ጮህን። ባቡሩ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

«ምነው? ምን ሆናችሁ? ደነገጥኩ እኮ!»

«ምንም አይደለም፣ እትዬ። ብቻ እጅዎን ከማሽኑ ያንሡልኝ። ምንም እንዳይነኩ። መጣን።»

በፈቃዱ ስልኩን ዘጋ። በመስተዋቱ ላይ ለቆመው ጥያቄ «ይቅር» የሚለውን ነካ። ኪንግ ስትሪት ጣቢያ ወርደንም ወደ ቢሮው ገሠገሥን።

ወደ ምድር ቤቱ ስንገባ ወይዘሮ ካሰች እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው፣ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ቀጥ ብለው ተቀምጠው ነበር። ከፊታቸው በስክሪኑ ላይ ሳህሉ ቆሟል፤ ቀኝ እጁ በአየር ላይ ነው።

«ይኸው አልነካሁም። እስትንፋሴን ሁሉ ይዣለሁ» አሉን። «አሁን ምን እንደሆነ ትነግሩኛላችሁ?»

በፈቃዱ ወደ እኔ አየ። እኔም በእጄ ወደ እርሱ አመለከትሁ፤ መናገር የእርሱ ፋንታ ነውና። «ትንሽ ላስተካክለው፣ ከዚያ እነግርዎታለሁ» አለና ከጎናቸው ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ፈጣን ጣት ስላለው፣ እኔ ምን እንደሚፈለግ ስነግረው እርሱ እንዴት እንደሚገኝ ወዲያው ያገኘዋል። ፕሮግራሞች የያዟቸውን ፋይሎች ከርነሉ እንዲዘረዝር አዘዘው፤ ከእነዚያም መካከል ስም ያልቀረላቸውን ብቻ አስለየ። አንድ መስመር ወጣ።

«አለ!» አለ በሹክሹክታ። «ጋሼ፣ አለ! ቪዲዮ ማሳያው ይዞታል። ከጎኑ ‹ተሰርዟል› ብሎ ጽፎበታል። የስሞቹ ቁጥር… ዜሮ።»

«ስም የለውም፤ ሕይወት ግን አለው» አልሁት። «ከርነሉ እያንዳንዱ ፕሮግራም በእጁ የያዘውን የሚያሳይበት መስኮት አለ። በዚያ መስኮት ግባና ሰነዱን ወደ አዲስ ፋይል ገልብጥ። ማሳያውን ግን አትንካ፤ ያቺ እጅ ከለቀቀች ተመልሶ አይገኝም።»

ገለበጠው። ፋይሉ ትልቅ ስለነበረ ጥቂት ቆየ፤ ወይዘሮ ካሰችም ስለ ሀሴት ቀሚስ እየነገሩኝ አንድ ዓይናቸውን ከልጁ አላነሡም። ሲያልቅ በፈቃዱ ወደ እኛ ዞረ።

«እስከ መጨረሻው መድረሱን ለማየት አንዴ ምርቃቱን ላጫውተው?»

«እንዳትሞክር!» አሉ ወይዘሮ ካሰች። «ብትሰማው እግዜር ይታዘብሃል። የሙሽሪት ነው አልኩ እኮ።»

«ታዲያ በምን አውቃለሁ፣ እትዬ?»

«ሁለቱን ፊደል በፊደል አስተያይ» አልሁት። «ማሽን ሳያዳምጥ ማነጻጸር ይችላል።» አስተያየ፤ አንዳችም ልዩነት አልተገኘም።

በፈቃዱ ያረፉትን አባላት ማኅደር እንደ ገና ሠርቶ፣ አዲሱን ፋይል በዓለም ስሙ «ሳህሉ» ብሎ በውስጡ አስቀመጠ። ከዚያም ወደ ወይዘሮ ካሰች ዞሮ፣ እንደ ተማሪ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ። «እትዬ፣ የክርስትና ስማቸው ማን ነበር?»

«ወልደ ዮሐንስ።»

የክርስትና ስሞችንም ማኅደር እንደ ገና ሠራና ያንኑ ፋይል በዚህም ስም አያያዘው። «ቁጥሩ ሁለት ሆነ» አለኝ። «አሁን እትዬ ማሳያውን መዝጋት ይችላሉ። ራስዎ ይዝጉት።» ወይዘሮ ካሰችም በገዛ እጃቸው ዘጉት፤ ስም ያልነበረው የቀድሞው ሰነድ በዚያች ቅጽበት በሰላም ፈረሰ፤ ቦታውም ተመለሰ።

«አንድ ነገር ግን አልገባኝም፣ ጋሼ» አለ በፈቃዱ ስክሪኑን እያየ። «ፋይሉ ላይ ማንም እንዳይጽፍበት ተቆልፎ ነበር እኮ። ለምን አላስቆመኝም?»

«ቁልፉ ውስጡን ይጠብቃል። ስሙ ግን የማኅደሩ ሀብት ስለሆነ፣ ስም ለመፍታት የሚጠየቀው የማኅደሩ ፈቃድ ነው። ከግቢ የሚያስወጣህ የግቢው ዘበኛ እንጂ የመኝታ ቤትህ ቁልፍ አይደለም።»

«እንግዲያው የማኅደሮቹን ፈቃድ እዘጋዋለሁ። የሚነሣ ነገር ሲኖር እርስዎና እኔ አብረን እንከፍተዋለን። እያንዳንዱን ስም ከመፍታቴ በፊት ቁጥሩን አያለሁ፤ አንድ ብቻ ከሆነ ባለቤቱን በስልክ እጠይቃለሁ፣ በቴሌግራም አይደለም። ማኅደሩንም የማነሣው በዚያ በሰነፉ ጥሪ ነው።»

«ሰነፍ አልነበረም» አልሁት።

«አልነበረም» አለ።

ከዚህ ለውጥ የምናገኘው ጥቅም ብዙ ነው። እስከ ዛሬ ማኅበራችን በሁለት በሽታ ይሠቃይ ነበር፤ ገሚሱ አባል ምንም አይሰረዝ እያለ ዲስኩን እስኪታፈን ይሞላል፤ ገሚሱ ደግሞ ሲጨንቀው ሁሉንም ባንድ ጊዜ ይጠርጋል። የመሰረዝን ሥርዓት ያወቀ ሰው ግን አይፈራም፣ አይደፍርምም። በእርጋታ የሚሰረዘውን ይሰርዛል፤ ለነገው ቀረጻ ቦታ ያገኛል፤ በዝርዝሩ ውስጥ የማያውቀውን ስም ሲያይም ‹ይህ ማን ነው?› ብሎ ይጠይቃል፤ በመጠየቁም ወገኑን ያውቃል። በፈቃዱ በክርስትና ስም ማኅደር የነበሩትን ስሞች ለመመለስ ለአባላቱ ሁሉ እየደወለ የክርስትና ስማቸውን መጠየቅ አለበት። ያረፉትንም ቪዲዮ ከየቤተሰቡ መልሶ ይሰበስባል። የመጀመሪያው ስልክ ለእናቱ ነበር፤ የራሱንም ስም እግረ መንገዱን ጠየቀ። ወይዘሮ ንግስት በስልክ ውስጥ እልል ሲሉ እኔም ሰማሁ። ይህን ያህል ዓመት ጠብቀውታልና።

ወይዘሮ ካሰች ቦርሳቸውን አንሥተው ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆሙ።

«እነግርዎታለሁ ብለኸኝ ነበር፣ አንተ ልጅ።»

በፈቃዱ ከወንበሩ ተነሣ። ሊያመካኝ ቢፈልግ ብዙ ነገር ነበረው፤ ዲስኩ ሞልቷል፣ ማስታወቂያ ወጥቷል፣ ማሽኑ አርጅቷል። አንዱንም አላነሣም። ሁለት እጁን ከፊቱ አጣምሮ ቆመ።

«እትዬ ካሰች፣ የጋሼ ሳህሉን ስም ትናንት ከሁለቱም ቦታ የፋቅኩት እኔ ነኝ። ዝም ሲሉ እሺ ያሉ መስሎኝ፣ ሳልጠይቅዎት። ዛሬም ሪስታርት ላደርገው አንዲት ንክኪ ነበር የቀረኝ። ማሽኑ እንኳ እርስዎ እስኪለቁት ድረስ ጠበቀ፤ እኔ አልጠበቅኩም። ተሳስቻለሁ።»